ኬቮርክ ናልባንዲያን

ኬቮርክ ናልባንዲያን (እ.ኤ.አ. 1887 – 1963) በትውልድ አርመናዊ የሆኑ የሙዚቃ መምህር፣ የባንድ መሪና የዜማ ደራሲ ነበሩ። «አርባ ልጆች» በመባል የሚታወቀውን የወላጅ አልባ አርመን ወጣቶች ባንድ በአዲስ አበባ መርተዋል። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር የነበረውን ዜማ የደረሱትም እሳቸው ናቸው። ስማቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዚህ መዝሙር ጋር ቢሆንም፣ ኢትዮጵያ የገቡት በሙዚቃ መምህርነት ነው።

ትውልድና ዘመን

ኬቮርክ የተወለዱት በኦቶማን ግዛት ሥር በነበረችው በአይንታብ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ ጋዚአንቴፕ ተብላ በደቡብ ቱርክ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1915 በአርመኖች ላይ የዘር ማጥፋት በተፈጸመ ጊዜ የአይንታብ አርመኖችም ከቀያቸው ተነቅለው ተሰደዱ። ከእልቂቱ የተረፉት በሶርያ፣ በሊባኖስ፣ በግብፅና በኢየሩሳሌም ተበተኑ። ወላጆቻቸውን ያጡ ብዙ ሕፃናት በየገዳማቱና በየማሳደጊያው ተጠለሉ።

አርባ ልጆች

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በመንገዳቸው ኢየሩሳሌምን ጎበኙ። የኢትዮጵያና የአርመን አብያተ ክርስቲያናት በእምነት እኅትማማች ናቸው፤ በቅድስቲቱ ከተማም ለብዙ ዘመናት ጎን ለጎን ኖረዋል። አልጋ ወራሹ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉትን ወላጅ አልባ ልጆች ባዩ ጊዜ፣ 40ዎቹን ወደ ኢትዮጵያ ለመውሰድ የአርመኑን ፓትርያርክ ፈቃድ ጠየቁ። ፓትርያርኩም ፈቀዱ።

በዚያን ጊዜ ከባሕር ማዶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ በአብዛኛው ከጅቡቲ በባቡር ተሳፍሮ፣ በደቡብ በአቃቂ በኩል ወደ ከተማዋ ይገባ ነበር። ልጆቹ አዲስ አበባ የደረሱት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። የሙዚቃ መምህራቸውና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ሆኑ፤ ባንዱም የአገሪቱ መንግሥት ይፋዊ የሙዚቃ ጓድ ለመሆን በቃ።

የትንፋሽ መሣሪያ ለቤተ መንግሥቱ እንግዳ አልነበረም። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒቆላዎስ ለዐፄ ምኒልክ መሣሪያዎችን ልከው፣ የማርሽ ሙዚቃ በአዲስ አበባ መሰማት ጀምሮ ነበር። አርባ ልጆች ግን በቁጥሩም ሆነ በአደረጃጀቱ አዲስ ነገር ሆኖ ታየ። በመንግሥት ወጪ የሚተዳደር፣ ለኦፊሴል በዓላትና ለእንግዳ አቀባበል የሚጫወት ቡድን ነበር።

የማስተማሩ ሥራ

በኢትዮጵያ የቆየው የሙዚቃ ትምህርት በዋናነት ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ከአባቱ ወይም ከጌታው ሥር ሆኖ እያየና እያዳመጠ ይማራል። ቤተ ክርስቲያን ለዜማዋ የራሷ ምልክት ቢኖራትም፣ ደቀ መዝሙሩ ዜማውን በቃሉ እስኪይዘው ድረስ ከመምህሩ ጋር መዝለቅ አለበት።

የባንድ ትምህርት ከዚህ ይለያል። ትራምፔቱ፣ ክላርኔቱ፣ ትሮምቦኑና ከበሮው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የተጻፈ ድርሻ አላቸው። ተማሪው ኖታ ማንበብ፣ ትንፋሹን መመጠን፣ መሣሪያውን ከሌሎቹ ጋር አስማምቶ መቃኘት ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ የራሱ ተራ እስኪደርስ ድረስ እየቆጠረ ዝም ማለትን ይማራል። አንዱ ከሳተ የሁሉም ይበላሻል። ለዚህ መምህሩ በየቀኑ ልምምድ ማስያዝ፣ ዜማውን ለየመሣሪያው ከፋፍሎ መጻፍ፣ የደከመውን ለብቻ ማስጠናት ግዴታው ነው። ኬቮርክ የተሸከሙት ሥራ ይህ ነበር።

አርባ ልጆች በመጀመሪያ ይዞታው የቆየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ቡድኑ ከተበተነ በኋላም ኬቮርክ ወደ ሌላ አገር አልተሻገሩም። ኑሯቸውን በአዲስ አበባ አድርገው ሙዚቃ በማስተማርና ዜማ በመድረስ ቀጠሉ።

ብሔራዊ መዝሙር

ኬቮርክ የመዝሙሩን ዜማ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። የግጥሙ ደራሲ ተብለው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል፣ ከልዩ ልዩ አገሮች በመጡ መልእክተኞች ፊት ተሰማ።

አገሩን ያጣ ሰው የሌላ አገር መዝሙር ደራሲ መሆኑ ብርቅ ነው። መዝሙሩ በኢጣልያ ወረራ ዘመን በይፋ መዘመሩ ተቋርጦ በ1933 ዓ.ም. ከነፃነት ጋር ተመለሰ። በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በሰንደቅ ዓላማ ሥር ተሰልፈው የሚያወጡት ዜማ በመሆኑ፣ የኬቮርክን ስም ሰምተው የማያውቁ ልጆች ሁሉ ሥራቸውን በቃላቸው ያውቁት ነበር። የዘውዱ መንግሥት ከወደቀ በኋላ በ1967 ዓ.ም. በሌላ መዝሙር ተተካ።

ከእሳቸው በኋላ

ኬቮርክ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1963 ዐረፉ። ሙያው ግን በቤተሰቡ ውስጥ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1915 የተወለዱት የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ባንድ መርተዋል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ኦርኬስትራውን አሠልጥነዋል፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። በተለይ የአገሩን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ለትልልቅ ኦርኬስትራ በማቀናበር ይታወቃሉ። ነርሲስ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው።

ከነፃነት በኋላ በክቡር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ የተቋቋሙት ኦርኬስትራዎች ሌሎች የውጭ አገር መምህራንም ያሠለጠኗቸው ናቸው። ጥላሁን ገሠሠን የመሰሉ ድምፃውያን የወጡት ከእነዚህ ቡድኖች ነው። አርባ ልጆችን ከእነዚህ ኦርኬስትራዎች ጋር የሚያያይዛቸው የአሠራሩ መንገድ ነው፦ በመንግሥት የሚተዳደር ቡድን፣ የተጻፈ ኖታና አብሮ መለማመድ። የኬቮርክ ናልባንዲያን መዝሙር ዛሬ በታሪክነቱ ብቻ ይሰማል፤ እሳቸው ሲያስተምሩት የነበረው የኅብረት አጨዋወት ግን ማርሽ ባንድ በወጣበት ሁሉ አለ።