ይድነቃቸው ተሰማ

የባለቅኔው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተጫወቱ፤ ሆኖም ጨዋታ ያለ ማኅበር፣ ማኅበርም ያለ ደንብ እንደማይጸና የተገነዘቡ ሰው ነበሩ።

በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን በአንድ ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ተወገደች። በ1954 ዓ.ም. እርሳቸው ያሠለጠኑት የኢትዮጵያ ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ አገኘ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት እየመሩ የዘር መድልዎን ሲታገሉ ኖረው፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ።

በአሶሳም ሆነ በሌላ ከተማ ኳስ ለመጫወት የሚሰባሰቡ ወጣቶች ቡድናቸውን ሕጋዊ ማኅበር ለማድረግ ሲነሡ፣ አስቀድመው የአባላትን እኩልነት የሚያስከብር ደንብ መጻፍ እንደሚገባቸው የእኚህ ሰው ሕይወት ያስተምራል።