ሞሼ ሻሬት

ሞሼ ሻሬት (ኦክቶበር 15 ቀን 1894 – ጁላይ 7 ቀን 1965 እ.ኤ.አ.) የእስራኤል የመጀመሪያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርና ሁለተኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱን ከ1948 እስከ 1956፣ ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ደግሞ ከጃንዋሪ 1954 እስከ ኖቬምበር 1955 ይዘው ሠርተዋል። ስማቸው በታሪክ ውስጥ ይበልጥ የሚነሣው ከመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ከዴቪድ ቤን ጉሪዮን ጋር በነበራቸው ረጅም ክርክር ነው። ክርክሩ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ያተኮረ ነበር። አንደኛው አዲሱ መንግሥት ፍልስጤማውያንንና የአረብ ጎረቤቶቹን እንዴት ይያዝ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከምዕራባውያን ኃያላንና ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት ይኑረው የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሻሬት የተወለዱት በያኔው የሩሲያ ግዛት፣ በዛሬዋ ዩክሬን፣ ኬርሶን በተባለች ከተማ ነው። የቤተሰቡ ስም በመጀመሪያ ሼርቶክ ይባል ነበር፤ ሻሬት የሚለውን የዕብራይስጥ ስም የያዙት ከእስራኤል ምሥረታ በኋላ ነው። በ1906 ቤተሰቡ በኦቶማን ቱርክ አገዛዝ ሥር ወደነበረችው ፍልስጤም ሄደ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፉት ከራማላህ በስተሰሜን በምትገኝ ዓይን ሲንያ በተባለች የአረብ መንደር ነበር። ልጁ ሞሼ አረብኛን የለመዱት በዚያች መንደር ሲሆን፣ የአረቦችን የአኗኗር ልማድም በቅርበት አወቁ። በእርሳቸው ዘመን ከነበሩት የጽዮናውያን ንቅናቄ መሪዎች መካከል ይህን ያህል አረብኛ የሚያውቁ ጥቂቶች ነበሩ።

ቤተሰቡ በ1908 ወደ ያፋ ተዛወረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቴል አቪቭን ከመሠረቱት ቤተሰቦችም አንዱ ሆነ። ሻሬት በሄርዝሊያ የዕብራይስጥ ጂምናዚየም ከተመረቁት የመጀመሪያ ተማሪዎች መካከል ናቸው። ከዚያም ሕግ ለመማር ወደ ኢስታንቡል ሄዱ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ትምህርታቸውን አቋረጠው። በጦርነቱ ጊዜ በኦቶማን ጦር ውስጥ በመኮንንነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ በለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ተምረዋል። ወደ ፍልስጤም ሲመለሱ የሠራተኛው ንቅናቄ ልሳን በነበረው ዳቫር ጋዜጣ ላይ ሠሩ። ለቋንቋ ጥራት እጅግ የሚጨነቁ ሰው ስለነበሩ የሌሎችን የዕብራይስጥ ሰዋስው በማረም ይታወቁ ነበር።

በአይሁድ ኤጀንሲ

ከ1931 ጀምሮ በአይሁድ ኤጀንሲ የፖለቲካ መምሪያ ውስጥ ሠሩ። የመምሪያው ኃላፊ ሃይም አርሎሶሮፍ በጁን 1933 በቴል አቪቭ የባሕር ዳርቻ ሲገደሉ ሻሬት ቦታቸውን ያዙ፤ እስከ 1948ም በዚሁ ሥራ ቆዩ። ኤጀንሲው ገና መንግሥት ላልነበረው ሕዝብ እንደ መንግሥት ያገለግል ስለነበር፣ ኃላፊነቱ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት የሚተናነስ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ፍልስጤምን በሞግዚትነት ከምታስተዳድረው ከእንግሊዝ ጋር የሚደረገውን ንግግር መርተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አይሁዳውያን በጎ ፈቃደኞች በእንግሊዝ ጦር ውስጥ እንዲሰለፉ ብዙ ደክመዋል፤ ጥረቱም በ1944 የአይሁድ ብርጌድ እንዲቋቋም ረድቷል።

ከጦርነቱ በኋላ ግን ግንኙነቱ ሻከረ። እንግሊዞች በጁን 29 ቀን 1946 የኤጀንሲውን መሪዎች በጅምላ ሲያስሩ ሻሬትም ተይዘው በላትሩን እስር ቤት አራት ወር ገደማ ቆዩ። በሚቀጥለው ዓመት ኒው ዮርክ ላይ ፍልስጤምን ለአይሁድና ለአረብ መንግሥታት የሚከፍለው ዕቅድ ድምፅ እንዲያገኝ ተሟገቱ። በኖቬምበር 29 ቀን 1947 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዕቅዱን በ33 ድጋፍና በ13 ተቃውሞ አጸደቀ፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ 10 አገሮች ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። የፍልስጤም አረቦችና የአረብ መንግሥታት ውሳኔውን አልተቀበሉትም። በሜይ 1948 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆርጅ ማርሻል ጦርነት ቢነሣ አሜሪካ እንደማትደርስላቸው ሻሬትን አስጠነቀቋቸው። ሻሬት ማስጠንቀቂያውን ይዘው ቢመለሱም መንግሥቱ እንዲታወጅ ከደገፉት ወገን ቆሙ፤ በሜይ 14 ቀንም የነፃነት አዋጁን ፈረሙ።

የስደተኞች ጥያቄ

በ1948ቱ ጦርነት ወደ 700,000 የሚጠጉ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ሸሹ ወይም ተባረሩ። ሻሬት ለዘብተኛ ተብለው ቢታወቁም በዚህ ጉዳይ ላይ አቋማቸው ከቤን ጉሪዮን ብዙም አይለይም ነበር። ስደተኞቹ ወደ ነበሩበት መመለሳቸው ለአዲሱ መንግሥት አደጋ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ መፍትሔው በአረብ አገሮች ማስፈር ነው ይሉ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በዲሴምበር 1948 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 194 በሰላም ለመኖር የሚሹ ስደተኞች እንዲመለሱ ቢጠይቅም እስራኤል አልፈጸመችውም። በ1949 በሎዛን በተደረገው ንግግር ላይ ከአሜሪካ በመጣው ግፊት የተነሣ እስራኤል 100,000 ስደተኞችን ለመቀበል ሐሳብ አቀረበች። የአረብ መንግሥታት ቁጥሩ አነስተኛ ነው ብለው ሳይቀበሉት ቀሩ፤ ሐሳቡም ከዚያ በኋላ ተነሣ።

ስለዚህ የሻሬትን ለዘብተኝነት በትክክል ለመረዳት ወሰኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ከቤን ጉሪዮን ጋር የተለያዩት በ1948 ጦርነት የተገኘው ሁሉ ይመለስ አይመለስ በሚለው አልነበረም። የተለያዩት ከዚያ በኋላ በድንበሩ ላይ ኃይል መቼና ምን ያህል ይጠቀም፣ የውጭው ዓለም አስተያየትስ ምን ያህል ይመዝን በሚለው ነበር።

ከአለመወገን ወደ ምዕራቡ

እስራኤል ስትመሠረት አሜሪካም ሶቪየት ኅብረትም ዕውቅና ሰጥተዋታል፤ በ1948ቱ ጦርነት የተጠቀመችበት መሣሪያ ጥቂት የማይባለው የመጣው ከቼኮስሎቫኪያ ነበር። ሻሬት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አገሪቱ ከሁለቱም ጎራ ሳትወግን እንድትቆይ ጥረዋል። በሜይ 1949 እስራኤል 59ኛዋ የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች፤ በጃንዋሪ 1950 ደግሞ ለቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ዕውቅና ሰጠች።

ይህ መንገድ ግን ብዙ አልዘለቀም። በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ስደተኛ አይሁዳውያንን ለመቀበል ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ገንዘቡም የነበረው በምዕራቡ ዓለም ነው። በ1950 የኮሪያ ጦርነት ሲነሣ እስራኤል ከአሜሪካ ጎን ቆመች። በሴፕቴምበር 1952 ሻሬት ከምዕራብ ጀርመኑ መሪ ከኮንራድ አደናወር ጋር የሉክሰምበርግን ስምምነት ፈረሙ። በስምምነቱ መሠረት ምዕራብ ጀርመን በናዚ ዘመን ለተፈጸመው ግፍ 3 ቢሊዮን ማርክ ለእስራኤል ለመክፈል ተስማማች። ከገዳዮቹ አገር ገንዘብ መቀበል በእስራኤል ውስጥ ከባድ ተቃውሞ ቀስቅሶ ነበር።

ቂብያ

ከ1949 በኋላ ብዙ ፍልስጤማውያን የተኩስ አቁም መስመሩን ይሻገሩ ነበር። አንዳንዶቹ የሚሻገሩት እርሻቸውን ለማጨድ ወይም የተዉትን ንብረት ለመውሰድ ሲሆን፣ ሌሎቹ ለመዝረፍ ወይም ለመግደል ነበር። እስራኤል መልስ የምትሰጠው በድንበር ማዶ በሚደረግ የበቀል ጥቃት ነው። በኦክቶበር 1953 በየሁድ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር በቦምብ ተገደለች። በዚያን ጊዜ ቤን ጉሪዮን ፈቃድ ላይ ስለነበሩ ሻሬት ተጠባባቂ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በዮርዳኖስ ቁጥጥር ሥር በነበረችው በቂብያ መንደር ላይ ሊፈጸም የታቀደው ጥቃት እንዲሰረዝ ቢጠይቁም የመከላከያውን ሥራ የያዙት ፒንሃስ ላቮን አልሰሟቸውም። በአሪየል ሻሮን የሚመራው ኃይል ሌሊት መንደሪቱን ወርሮ ቤቶችን በፈንጂ አፈረሰ፤ 69 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

መንግሥት በኋላ ያወጣው መግለጫ ድርጊቱን የፈጸሙት የተቆጡ የድንበር ነዋሪዎች ናቸው፣ ጦሩ የለበትም የሚል ነበር። ሻሬት ይህን የሚያምን እንደሌለ አስቀድመው ተናግረዋል። መግለጫውን በሬዲዮ የማንበቡ ተራ የእርሳቸው ቢሆን ኖሮ ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ ለባለቤታቸው መናገራቸውን በማስታወሻቸው ጽፈዋል። ሆኖም በካቢኔው ውስጥ ቆዩ። የጸጥታው ምክር ቤትም በኖቬምበር 1953 ድርጊቱን አወገዘ።

ጠቅላይ ሚኒስትርነት

ቤን ጉሪዮን ለጊዜው ከሥልጣን ወርደው በኔጌቭ በረሃ ወዳለው ስዴ ቦከር ሲሄዱ ሻሬት በጃንዋሪ 1954 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ነገር ግን የመከላከያ ሚኒስቴሩ በላቮን፣ ጦሩ በሞሼ ዳያን እጅ ነበር፤ ሁለቱም የሻሬትን መንገድ አይወዱትም። በማርች 1954 በማአሌ አክራቢም አንድ አውቶቡስ ተጠቅቶ 11 እስራኤላውያን ሲገደሉ ሕዝቡ በቀል ጠየቀ። ሻሬት ገዳዮቹ ከዮርዳኖስ መምጣታቸው አልተረጋገጠም ብለው በዮርዳኖስ ላይ አጸፋ እንዳይወሰድ ከለከሉ።

በ1954 ከግብፁ መሪ ከጋማል አብደል ናስር ጋር በፓሪስ በኩል ምሥጢራዊ ግንኙነት ጀምረው ነበር። ሳያውቁት ግን የእስራኤል ወታደራዊ ስለላ በግብፅ ውስጥ የአሜሪካና የእንግሊዝ ተቋማትን ጭምር የሚያቃጥል ቡድን አሰማርቶ ነበር። ዓላማው እንግሊዝ ጦሯን ከሱዌዝ ቦይ እንዳታስወጣ ማድረግ ነበር። ቡድኑ በጁላይ 1954 ተያዘ፤ ከአባላቱ ሁለቱ በጃንዋሪ 1955 በካይሮ ተሰቀሉ። በታሪክ የላቮን ጉዳይ የሚባለው ይህ ነው። ላቮን ሥራቸውን ለቀቁ፤ ቤን ጉሪዮንም የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተመለሱ።

ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1955፣ የእስራኤል ጦር በጋዛ በሚገኝ የግብፅ ጦር ሰፈር ላይ ጥቃት አደረሰ። ሻሬት ጥቃቱን የፈቀዱት የሚሞተው ሰው ጥቂት እንደሚሆን ተነግሯቸው ነበር፤ የሞቱት ግን ከ30 በላይ ሆኑ። ከናስር ጋር የተጀመረው ግንኙነት ቆመ። በሴፕቴምበር 1955 ግብፅ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ከቼኮስሎቫኪያ ብዙ መሣሪያ መግዛቷን አስታወቀች። ለጋዛው ጥቃት የሰጡት ፈቃድ በራሳቸው ፖሊሲ ላይ የደረሰ ትልቅ ጉዳት ሆኖ ይቆጠራል።

በዚያው ዓመት በኤፕሪል በባንዱንግ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ 29 የእስያና የአፍሪካ አገሮች ጉባኤ ሲያደርጉ እስራኤል አልተጠራችም፤ ጉባኤውም የፍልስጤም አረቦችን መብት ደገፈ። በዚህ የተነሣ እስራኤል በምዕራቡ ላይ ያላት ጥገኝነት ጨመረ። ሻሬት ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ውል ለመዋዋል ቢጥሩም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ፎስተር ደለስ አስቀድሞ ድንበሩ ይወሰን አሉ። ዳያን በበኩላቸው እንዲህ ያለው ውል የጦሩን እጅ ያስራል ብለው ይቃወሙ ነበር። የመከላከያ ሚኒስቴሩ በሺሞን ፔሬዝ አማካይነት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩን ወደ ጎን ትቶ ከፈረንሳይ ጋር የራሱን የመሣሪያ ግንኙነት መሠረተ።

ከሥልጣን መውረድ

ከ1955ቱ ምርጫ በኋላ ቤን ጉሪዮን እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ሻሬት በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ቀጠሉ። በዲሴምበር 1955 በአሜሪካ መሣሪያ ለማግኘት በመደራደር ላይ ሳሉ የእስራኤል ጦር ከገሊላ ባሕር ዳርቻ ባሉ የሶሪያ ምሽጎች ላይ ከባድ ጥቃት ፈጸመ፤ ድርድሩም ተሰናከለ። በጁን 1956 ቤን ጉሪዮን ሻሬት እንዲለቁ አደረጉ፤ በቦታቸውም ጎልዳ ሜየር ተተኩ። ከአራት ወራት በኋላ እስራኤል ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ ጋር በምሥጢር ተስማምታ በግብፅ ላይ ዘመተች። ሻሬት ወሬውን የሰሙት በእስያ ጉዞ ላይ፣ ሕንድ ውስጥ ሆነው ነበር። በአሜሪካና በተባበሩት መንግሥታት ግፊት እስራኤል በማርች 1957 ከሲና ወጣች።

በኦክቶበር 1957 ባደረጉት ንግግር የበቀል ጥቃቶቹ ያስገኙትን ጥቅም በይፋ ጠየቁ፤ ያለ ተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ እስራኤል መመሥረቷ አጠራጣሪ እንደነበርም አስታወሱ። በኋላ የዓለም ጽዮናውያን ድርጅት ሊቀ መንበር ሆኑ። በ1965 መጀመሪያ በማፓይ ፓርቲ ጉባኤ ላይ በካንሰር ታመው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው የቤን ጉሪዮንን አካሄድ ነቀፉ። በዚያው ዓመት ጁላይ 7 ቀን በኢየሩሳሌም አርፈው በቴል አቪቭ ተቀበሩ።

ከሞት በኋላ

ሻሬት ከኦክቶበር 1953 ጀምሮ በየዕለቱ ማለት ይቻላል ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ማስታወሻው በ1978 በልጃቸው አዘጋጅነት በስምንት ቅጽ ሲታተም ስለ እስራኤል የመጀመሪያ ዓመታት የነበረውን ግንዛቤ ቀየረ፤ ለሕዝብ ይነገር የነበረውና በካቢኔው ውስጥ ይባል የነበረው ምን ያህል እንደሚራራቅ አሳይቷልና። እንደ አቪ ሽላይም ያሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ሻሬትን ሳይሞከር የቀረ የሌላ መንገድ ወኪል አድርገው ያዩአቸዋል። ሌሎች ደግሞ በስደተኞችና በድንበር ጉዳይ ከቤን ጉሪዮን ጋር ይስማሙ ስለነበር ልዩነታቸው በዘዴ እንጂ በግብ አልነበረም ይላሉ። ምስላቸው ለብዙ ዓመታት በ20 ሰቅል የእስራኤል ገንዘብ ላይ ታትሞ ይታይ ነበር።