ጉንፔይ ዮኮይ፦ ከማሽን ጥገና የተነሡት የጨዋታ መሐንዲስ

በጂዛን ክልል በባይሽ ከተማ የቀኑ ሐሩር በርዶ የዒሻ ሶላት ካበቃ በኋላ በብዙ ወገኖቻችን ቤት ተመሳሳይ ድምፅ ይሰማል። ልጆች ከቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው በሩቅ ፕላኔት ላይ ከባዕድ ፍጡራን ጋር ይታኮሳሉ። በእጃቸው በያዙት ጆይስቲክ በግራ በኩል ወደ አራት አቅጣጫ የሚጫን ቁልፍ አለ። ያንን ቁልፍ የመደመር ምልክት አስመስለው ለጨዋታው ዓለም ያበረከቱት ሰው በሕይወት ከተለዩ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። ስማቸው ጉንፔይ ዮኮይ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዮኮይ የተወለዱት በጃፓን ጥንታዊት ከተማ በኪዮቶ፣ መስከረም 10 ቀን 1941 ነበር። በዚያው ከተማ በሚገኘው ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ምሕንድስና ተማሩ። ጎበዝ ከሚባሉት ተማሪዎች ወገን አልነበሩም። ትልልቆቹ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎች ስላልተቀበሏቸው በ1965 ከመኖሪያቸው ብዙም በማይርቅ አንድ የካርታ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ፋብሪካው በ1889 የተቋቋመ፣ ሃናፉዳ የተባለውን የጃፓን ካርታ በማተም የሚታወቅ ሲሆን ስሙ ኒንቴንዶ ነበር። ካርታው ለቤት ውስጥ መዝናኛ፣ አንዳንዴም ለቁማር ይውል ነበር። ለወጣቱ መሐንዲስ የተሰጠው ሥራ ካርታ የሚያመርቱትን ማሽኖች መጠገንና መቆጣጠር ነበር።

ማሽን በደህና በሚሠራበት ቀን የጥገና ሠራተኛ ብዙም ሥራ የለውም። ትርፍ ጊዜ ጸጋም ፈተናም መሆኑን ዲናችን ያስተምረናል። ዮኮይ በዚያ ትርፍ ጊዜያቸው በፋብሪካው መሣሪያዎች ለራሳቸው መጫወቻ ይሠሩ ጀመር። ከእነዚህ አንዱ እንደ መቀስ እየተቆላለፉ የተያያዙ ዘንጎች ያሉት፣ እጀታው ሲጨበጥ የሚረዝምና ራቅ ያለ ዕቃ የሚያነሣ ሰው ሠራሽ ክንድ ነበር። አንድ ቀን የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ በፋብሪካው ውስጥ ሲዘዋወሩ ሠራተኛው በዚህ ሲጫወት አዩት። ዮኮይ ወደ ቢሮ ሲጠሩ ተግሣጽ ይጠብቁ ነበር። ያገኙት ግን ዕቃውን ለገበያ የሚሆን አድርገው እንዲያዘጋጁ የሚያዝ ትእዛዝ ነበር። በ1966 ለገበያ የቀረበው ይህ ክንድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ዮኮይም ከጥገና ክፍል ወጥተው አዳዲስ መጫወቻዎችን የመፍጠር ኃላፊነት ተሰጣቸው።

ዛሬ በኮንሶል የሚታዩት የተኩስ ጨዋታዎች ታሪክም ከእርሳቸው የሥራ ጠረጴዛ ጋር የሚያገናኝ ክር አለው። ሻርፕ ከተባለው ኩባንያ የመጡት መሐንዲስ ማሳዩኪ ኡዬሙራ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የፀሐይ ሴል ለኒንቴንዶ ይሸጡ ነበር። ከዚህ ጥቃቅን ዕቃ ዮኮይ ጥይት የሌለው ጠመንጃ ወጠነላቸው። ቃታው ሲሳብ ከአፈሙዙ የብርሃን ብልጭታ ይወጣል፤ ዒላማው ላይ የተተከለው ሴል ብርሃኑን ሲቀበል ዒላማው መመታቱን ያሳያል። በ1970 የወጣው ይህ መጫወቻ በጃፓን እጅግ ተወደደ። ኡዬሙራም ቆይተው ወደ ኒንቴንዶ ተዛውረው የኩባንያውን ታዋቂ የቤት ኮንሶል የነደፉ ሰው ሆኑ።

ስኬቱ ያበረታታው ኩባንያ ሐሳቡን ከመጫወቻ ወደ አዳራሽ አሳደገው። በጃፓን የቦውሊንግ ፍቅር ቀዝቅዞ ብዙ አዳራሾች ባዶ ቀርተው ስለነበር በ1973 የብርሃን ጠመንጃ የተኩስ ሜዳዎች ተከፈቱባቸው። ይሁንና በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተቀሰቀሰ። ሳዑዲ ዓረቢያን ጨምሮ የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች በነዳጅ ሽያጭ ላይ እገዳ ጣሉ፤ የነዳጅ ዋጋም በጥቂት ወራት ውስጥ በአራት እጥፍ ገደማ ናረ። ነዳጇን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውጭ የምታስገባው ጃፓን ኢኮኖሚዋ ተናጋ፤ የአዳራሾቹ ትእዛዝ ተሰረዘ፤ ኒንቴንዶም ከባድ ዕዳ ውስጥ ገባ። ዛሬ ባይሽ በምትገኝበት አገር የተወሰነ ውሳኔ በኪዮቶ የሚኖርን መሐንዲስ ሥራ እንዲህ ነክቶት ነበር።

ዮኮይ ከዚህ ውድቀት በኋላ ይበልጥ የጸኑበት የአሠራር መንገድ ነበራቸው። አዲስ የወጣ ቴክኖሎጂ ውድ ነው፤ ጠባዩም ገና አልታወቀም። ብዙ ዓመት ያገለገለ ቴክኖሎጂ ግን ርካሽ ነው፤ ድክመቱና ብርታቱም ተለይቷል። ስለዚህ መሐንዲስ የተለመደውን ዕቃ ይዞ ማንም ላላሰበው ዓላማ ማዋል አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ይህን ሐሳብ በተግባር የሚያሳዩበት አጋጣሚ በባቡር ሲጓዙ መጣላቸው። አንድ መንገደኛ መሰልቸቱን ለማባረር የኪስ ካልኩሌተሩን ቁልፎች እየነካካ ሲጫወት ተመለከቱ። በጊዜው የካልኩሌተር አምራቾች በዋጋ ፉክክር ላይ ስለነበሩ ስክሪኑና ቺፑ ረክሶ ነበር። ዮኮይ ከዚሁ ርካሽ ዕቃ ሰዓትም የሚያሳይ፣ በኪስ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ ሠሩ። ጌም ኤንድ ዎች የተባለው ይህ መሣሪያ ከ1980 ጀምሮ በልዩ ልዩ ዓይነት እየወጣ ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

በ1981 ደግሞ ኩባንያው ሺገሩ ሚያሞቶ ለተባለ ወጣት ሠዓሊ አዲስ የመጫወቻ ቤት ጨዋታ እንዲነድፍ ሲያዝ ሥራውን እንዲመሩለት የተመደቡት ዮኮይ ነበሩ። ዶንኪ ኮንግ የተባለው ያ ጨዋታ ለኒንቴንዶ ዓለም አቀፍ ዝና አመጣ። በማግሥቱ ዓመት ጨዋታውን ወደ ኪስ መሣሪያ ለማሸጋገር ሲታሰብ አንድ ችግር ገጠመ። የመጫወቻ ቤቱ ረጅም ዘንግ ኪስ ውስጥ አይገባም። ዮኮይ በዘንጉ ፈንታ አውራ ጣት ሳይነሣ ወደ አራት አቅጣጫ የሚጫን፣ የመደመር ምልክት የሚመስል ጠፍጣፋ ቁልፍ አስገቡ። በ1983 የወጣው የኒንቴንዶ የቤት ኮንሶል ይህንኑ ቁልፍ ወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ የተነሡ ተፎካካሪዎችም በየራሳቸው ቅርጽ ተከተሉት።

ቁልፉና ተኩሱ በአንድ ሥራ የተገናኙት ነሐሴ 1986 ነው። ዮኮይ ይመሩት የነበረው የምርምርና ልማት ክፍል፣ እርሳቸው በፕሮዲውሰርነት ተሰይመው፣ ሜትሮይድ የተሰኘውን የሳይንስ ልብ ወለድ ጨዋታ ለቤት ኮንሶል አወጣ። ተጫዋቹ ክንዱ ላይ መድፍ የተገጠመለትን ባለ ጥሩር ተዋጊ እየመራ ዜቤስ በተባለች ፕላኔት ዋሻዎች ውስጥ የጠፈር ወንበዴዎችን ይገጥማል። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ጨዋታዎች ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ የሚገሰግሱ ነበሩ። በሜትሮይድ ግን የመጀመሪያው ጠቃሚ መሣሪያ የሚገኘው ከመነሻው በስተግራ ነው። ወደ ፊት ብቻ የሚሮጥ ተጫዋች መንገዱ ይዘጋበታል፤ ያለፈበትን ቦታ ተመልሶ ማጤን ይኖርበታል። ፈጥኖ የጨረሰ ሰው ደግሞ መጨረሻ ላይ የራስ ቁሩ ሲወልቅ ተዋጊዋ ሳመስ አራን ሴት መሆኗን ያያል። ይህ ለጊዜው ተጫዋቾች ያልተጠበቀ ነገር ነበር። ተኩስን ከአሰሳና ከማስታወስ ጋር ያዋሐደው ይህ ሥራ በኋላ ለተነሡ በርካታ ጨዋታዎች አርአያ ሆኗል።

የዮኮይ ስም ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው በሚያዝያ 1989 ለገበያ በቀረበው ጌም ቦይ ነው። መሣሪያው ቀለም አልነበረውም፤ ስክሪኑም የራሱ ብርሃን የለውም። ተፎካካሪዎች ባለ ቀለምና ደማቅ መሣሪያ ይዘው ሲመጡ ብዙዎች የጌም ቦይ ዘመን አጭር እንደሚሆን ገመቱ። ነገር ግን ባለ ቀለሞቹ ስድስት ባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሲጨርሱ ጌም ቦይ በአራት ባትሪ ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር። ዋጋውም ዝቅተኛ፣ አካሉም ጠንካራ ነበር። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ የአንድ አሜሪካዊ ወታደር ጌም ቦይ በእሳት ተቃጥሎ ሽፋኑ ቢቀልጥም መሥራቱን ቀጠለ፤ በኒው ዮርክ የኒንቴንዶ መደብርም ለዓመታት ለዕይታ ቀርቦ ነበር። ጌም ቦይና ባለ ቀለም ተተኪው በአንድነት ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ።

የሰው ሥራ ግን ሁልጊዜ አይሰምርም። በ1995 ዮኮይ የነደፉት ቨርችዋል ቦይ ተጫዋቹ ዓይኑን አስጠግቶ ጥልቀት ያለው ምስል የሚያይበት መሣሪያ ነበር። ምስሉ በጥቁር ላይ ቀይ ብቻ ሆነ፤ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጠ አይመችም፤ ዓይንና አንገት ያደክማል። አንድ ሚሊዮን እንኳ ሳይሸጥ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከገበያ ወጣ። ነሐሴ 1996 ዮኮይ ከሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ ኒንቴንዶን ለቀቁ። ብዙዎች መልቀቃቸውን ከዚህ ውድቀት ጋር ቢያያይዙትም እርሳቸው ምክንያቱ ያ አለመሆኑን አስረድተዋል።

በኪዮቶ ኮቶ የተባለ የራሳቸውን አነስተኛ ድርጅት ከፍተው ባንዳይ ለተባለው የመጫወቻ ኩባንያ አዲስ የእጅ መሣሪያ መንደፍ ጀመሩ። ፍጻሜውን ግን አላዩም። ጥቅምት 4 ቀን 1997 በኢሺካዋ ግዛት በፈጣን መንገድ ላይ የተሳፈሩበት መኪና ከፊቱ ከነበረ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ጉዳቱን ለማየት ከመኪናው ሲወርዱ ሌላ ተሽከርካሪ ገጫቸው፤ በ56 ዓመታቸውም አረፉ። ዋንደርስዋን የተባለው የመጨረሻ ሥራቸው በ1999 ወጣ፤ የሚሠራውም በአንድ ባትሪ ድንጋይ ብቻ ነበር። ከእርሱ ጋር የወጣ አንድ የእንቆቅልሽ ጨዋታም በስማቸው ጉንፔይ ተባለ።

ዛሬ ሳዑዲ ዓረቢያ በዚህ ዘርፍ ጉልህ ስፍራ ይዛለች። በ2022 የአገሪቱ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ ከኒንቴንዶ አክሲዮን አምስት ከመቶ ያህሉን ገዝቷል፤ በ2024ም ሪያድ የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክ ስፖርት የዓለም ዋንጫ አስተናግዳለች። በእንዲህ ያለ አገር ለሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆች በየዓመቱ አዲስ መሣሪያ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ የሚከብድ ወጪ ነው። የዮኮይ ሕይወት ለእነዚህ ወላጆች የሚነግረው ነገር አለ። ዓለምን ያዳረሰው መሣሪያ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ርካሹንና የተለመደውን ዕቃ ይዞ የተሠራ ነው።

በባይሽም ሆነ በሌሎቹ የደቡብ ከተሞች ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በእጃቸው ሙያ የሚያድሩ ናቸው፤ ማቀዝቀዣ፣ የውሃ ፓምፕና መኪና የሚጠግኑ አሉ። ልጆቻቸው ይህን ሥራ እያዩ ያድጋሉ። የተበላሸ ጆይስቲክ ፈትቶ ብሎኑን ወለል ላይ የበተነ ልጅ ሲገኝ ወላጅ የመጀመሪያ ቃሉ ቁጣ ይሆናል ወይስ ጥያቄ የሚለው ቀላል ጉዳይ አይደለም። ያማውቺ በዚያ ቀን በሥራ ሰዓት መጫወቻ ሲሠራ ያገኙትን የጥገና ሠራተኛ አባርረውት ቢሆን ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ዕቃውን ተቀብለው አዩት።