ፈርዲናንድ ራይክና የኢንዲየም መገኘት
ከኢንዲየም አልኮክሳይድ በሙቀት አማካይነት በመስታወት ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን የሚያነጥፍ ባለሙያ ሁሉ የፕሮፌሰር ፈርዲናንድ ራይክ ውለታ አለበት። እኚህ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1799 በጀርመን አገር በቤርንቡርግ ተወልደው በፍራይበርግ የማዕድን አካዳሚ ያስተማሩ ናቸው። በ1863 በዚንክ ማዕድን ውስጥ ታሊየምን ሲፈልጉ ምንነቱ ያልታወቀ ቢጫ ዝቃጭ አገኙ። ይሁን እንጂ ዓይናቸው ቀለም ስለማይለይ፣ የስፔክትሮስኮፑን ምርመራ ለባልደረባቸው ለቴዎዶር ሪኽተር ሰጡ። ሪኽተርም ኢንዲጎ የሚባለው ቀለም ያለው ደማቅ መስመር ስላዩ ንጥረ ነገሩ ኢንዲየም ተባለ። በኋላ ሪኽተር ግኝቱን የራሳቸው ብቻ አድርገው በማቅረባቸው ራይክ ቅር ተሰኙ፤ በ1882ም አረፉ። የሙያው ታሪክ ግን የሁለቱንም ስም አጣምሮ ይዟል፤ ዝቃጩን የጠረጠረው አእምሮና መስመሩን ያየው ዓይን የሁለት ሰዎች ነበሩና።