ኤውክሊድስ፥ የእስክንድርያው መምህር

ኤውክሊድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ግድም በእስክንድርያ ያስተምር የነበረ ግሪካዊ ነው። የመለኪያን ጥበብ በ13 መጻሕፍት ጻፈ። ንጉሥ በጥሊሞስ አቋራጭ ቢለምነው፥ ለንጉሥ የተለየ መንገድ እንደሌለ አስታወቀው ይባላል፤ ንጉሥም ከገበሬ ልጅ ጋራ እኩል ይደክማል።

10ኛው መጽሐፍ በክፍልፋይ እንኳ ስለማይነገሩ ርዝመቶች ነው። በይፋት ቆላ፥ በሸዋ ሮቢት፥ ወርዱም ቁመቱም 100 ክንድ የሆነ እርሻ ቢኖር፥ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ያለው ሰያፍ 141 ክንድ ከሽራፊ ነው፤ ሽራፊውም ቢቈጠር አያልቅም። ባለቤቱ ስፋቱ ትክክል በሆነ፥ ቁመቱ ግን የሰያፉንና የጎኑን ድምር በሚያህል መሬት ሊለውጠው ቢወድ፥ ወርዱን ለማግኘት 10,000ን ለዚያ ድምር ማካፈል አለበት፤ ቢሳሳት ጎረቤቱን ይበድላል። ኤውክሊድስ በመስመር ያሳየው መውጫ በቍጥር እንዲህ ይሠራል፤ ተካፋዩና አካፋዩ በሰያፉና በጎኑ ልዩነት ሲባዙ፥ አካፋዩ ከ20,000 ላይ 10,000 ተቀንሶ 10,000 ይሆናል፥ ሽራፊውም ይጠፋለታል። ወርዱ እንግዲህ ልዩነቱ ራሱ ነው፤ ሰያፉን በገመድ ለክቶ የጎኑን ያህል ቢያጥፍለት፥ የሚተርፈው 41 ክንድ ከሽራፊ የጎረቤቱ መሬት ወርድ ነው።