ቅኔ የራቀው አንባቢ፦ የቻርለስ ዳርዊን ጸጸት

የእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርለስ ዳርዊን ስም የሚነሣው ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት በረዥም ዘመን እንዴት እንደተለወጡ ባስረዳበት ጽንሰ ሐሳቡ ነው። በራሱ ላይ ስላስተዋለው ለውጥ ግን ብዙም አይወራም። እርሱም የንባብ ፍቅሩ መለወጥ ነው።

ዳርዊን እ.አ.አ. በ1809 በሽሩስበሪ ከተማ ተወለደ። ተማሪ ሳለ በትምህርት ቤቱ ወፍራም ግንብ ላይ ባለ አሮጌ መስኮት ተቀምጦ የሼክስፒርን ታሪካዊ ተውኔቶች ለሰዓታት ያነብ ነበር። የባይረንና የዋልተር ስኮት ግጥሞችም ይማርኩት ነበር። በ1831 መጨረሻ ቢግል በተባለችው መርከብ ዓለምን ሊዞር ሲነሣ ዕድሜው 22 ነበር። ከመርከቧ ወርዶ በየብስ ሲጓዝ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ብቻ መያዝ ቢኖርበት፣ የሚመርጠው ሁልጊዜ የጆን ሚልተንን ነበር።

አምስት ዓመት ያህል ተጉዞ ከተመለሰ በኋላ ንባቡ መልኩን ለወጠ። ከ1838 ጀምሮ ያነበባቸውንና ሊያነባቸው ያሰባቸውን መጻሕፍት በማስታወሻ ደብተር ይመዘግብ ጀመር። በዚያው ዓመት ቶማስ ማልተስ ስለ ሕዝብ ብዛት የጻፈውን ለመዝናናት ብሎ ቢያነብ፣ ለተፈጥሯዊ ምርጦሽ ሐሳቡ ቁልፍ ሆነለት። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ የሥራ መሣሪያው ሆነ። ለመያዝ የከበደውን ጥራዝ ለሁለት ይከፍለው፣ ከትናንሽ ጽሑፎችም የሚፈልገውን ገጽ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ያስወግድ ነበር።

በ1876፣ በ67 ዓመቱ፣ ለቤተሰቡ ብሎ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ግን የከፈለውን ዋጋ አልሸሸገም። ግጥም ማንበብ ከተወው ዓመታት አልፈው ነበር። ሼክስፒርን እንደገና ቢሞክረው እስኪያቅለሸልሸው ድረስ ሰለቸው። ሥዕልና ሙዚቃም የቀድሞ ጣዕማቸውን አጡበት። የቀረለት መጽናኛ ባለቤቱ ኤማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምታነብለት ልብ ወለድ ነበር፤ እርሱም ፍጻሜው ያማረ ከሆነ ነው።

ዳርዊን አእምሮው ከተከማቸ መረጃ ሕግጋትን እየፈጨ የሚያወጣ ወፍጮ የሆነ መስሎ ታየው። ይህን ማጣት ደስታን እንደ ማጣት ቈጠረው፤ የሰውን አእምሮና ግብረ ገብነትም ሳይጎዳ እንደማይቀር ሠጋ። ሕይወትን እንደገና የመጀመር ዕድል ቢያገኝ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ጥቂት ግጥም ለማንበብና ጥቂት ሙዚቃ ለመስማት ደንብ ባወጣ ነበር።

ዳርዊን በ1882 በ73 ዓመቱ ዐረፈ። ይህን ጸጸቱን የያዘው የሕይወት ታሪክም ከአምስት ዓመት በኋላ ለአንባቢ ቀረበ።