የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ አልበርት አይንስታይን

ዘንድሮ የምናወሳው የፊዚክሱን ሊቅ የአይንስታይንን የሥራ ዘመን ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በጀርመን አገር በ1879 የተወለደው ይህ ሰው በ1900 ከዙሪክ ፖሊቴክኒክ ሲመረቅ በረዳት መምህርነት የሚቀጥረው አጣ። ለየፕሮፌሰሩ ቢጽፍ እሺ የሚል የለም። ዲግሪ ይዘው ቤት የተቀመጡ ልጆች ሰቆጣም አሉንና ነገሩ አይጠፋንም። በኋላ የትምህርት ጓደኛው አባት አማላጅ ሆነውለት በ1902 በርን ከተማ ከፈጠራ መብት ጽሕፈት ቤት በሦስተኛ ደረጃ ባለሙያነት ገባ። ሥራው የሰው ማመልከቻ መመርመር ነበር። ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች ይህን ስናነብ ደስ ብሎናል።

በ1905 ከዚያው ወንበር ሳይነሳ ስለ ብርሃን፣ ስለ አተም፣ ስለ ጊዜና ቦታ የጻፈው የፊዚክስን ትምህርት ለወጠው። ዶክትሬቱንም ያን ዓመት ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ አገኘ። ታዲያ ወዲያው ፕሮፌሰር አደረጉት? የለም! በ1907 በበርን ዩኒቨርሲቲ ላስተምር ቢል አልተቀበሉትም። በ1908 ቢፈቅዱለትም ተማሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የጽሕፈት ቤቱንም ሥራ አልተወም። የለቀቀው በ1909 ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሲቀጥረው ነው።

ከዚያ ወዲያ ይሻሙበት ጀመር። በ1911 ፕራግ፣ በ1912 ያው ረዳትነት የነፈገው ፖሊቴክኒክ፣ በ1914 በርሊን፤ ያውም የማስተማር ግዴታ ሳይኖርበት። በ1915 የስበትን ትምህርት ፈጸመ። በ1919 በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ የእንግሊዝ ሊቃውንት የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ እንደሚታጠፍ ለክተው መሰከሩለት። የ1921 የኖቤል ሽልማት ግን በዚህ ሳይሆን በብርሃን ጥናቱ የተሰጠው ነው።

ይሁዲ ነበርና በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ በርሊንን ትቶ አሜሪካ፣ ፕሪንስተን ገባ። በ1955 በ76 ዓመቱ እዚያው ዐረፈ። መቃብሩ መሳለሚያ እንዳይሆን ስለፈለገ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ተበተነ። ለዕድርተኛ ይህ ለመስማትም ይከብዳል፤ ቀባሪ አጥቶ ግን አይደለም፣ ፈቃዱ ነው።